ሠራተኛን ሳያውኩ የመረጃ አስተዳደርን መዘርጋት

የመረጃ አስተዳደር በአንድ ድርጅት ውስጥ ስላለ መረጃ ማን እንደሚወስን፣ ማን እንደሚመዘግብ፣ ስህተት ሲገኝ ማን እንደሚያርም፣ ማን ማየት እንደሚችልና መቼ እንደሚወገድ የሚደነግግ አሠራር ነው። ከሶፍትዌር ጋር መምታታት የለበትም። ማኅደሩ በወረቀት ብቻ የተያዘ መዝገብ ቤት ጥሩ የመረጃ አስተዳደር ሊኖረው ይችላል፤ ውድ ሥርዓት የገዛ ባንክ ደግሞ የአንድ ደንበኛን ስልክ ቁጥር መቀየር የማን ሥልጣን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ላይኖረው ይችላል።

ይህ አሠራር ፈጽሞ የጠፋበት ድርጅት የለም። የደመወዝ መክፈያ የምታዘጋጅ የሒሳብ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ ሳታይ አዲስ ስም ወደ ዝርዝሩ አታስገባም። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ለአንድ ታካሚ ሁለት ካርድ እንዳይወጣ የአባትን ብቻ ሳይሆን የአያትንም ስም ይጠይቃል። የንብረት ክፍል ኃላፊ ያለ ገቢ ደረሰኝ ዕቃ አይመዘግብም። እነዚህ ሰዎች መረጃ እያስተዳደሩ ነው፤ የጎደለው ሥራቸው መታወቁና በጽሑፍ መስፈሩ ነው። አሜሪካዊው አማካሪ ሮበርት ሳይነር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረለት ሐሳብም ይኸው ነው፦ ኃላፊነቱን እንደ አዲስ ሸክም ከማደል ይልቅ፣ ቀድሞውኑ የተሸከሙትን ለይቶ ዕውቅና መስጠትና ክፍተቱን ብቻ መሙላት።

አካሄዱ በተለይ በኢትዮጵያ ድርጅቶች ዘንድ ተገቢ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ እስከ ውጤት ተኮር ሥርዓትና ካይዘን ድረስ ብዙ የለውጥ ፕሮግራሞችን አይቷል፤ እያንዳንዱም ከሥልጠና፣ ከኮሚቴና ከሚሞላ ቅጽ ጋር ነው የመጣው። ሌላ አዲስ ፕሮግራም በትልቅ ስብሰባ ሲታወጅለት መጀመሪያ የሚያስበው ስለሚጨመርበት ሥራ ነው። ስለዚህ የመረጃ አስተዳደር ያለ አዋጅ፣ ያለ መፈክርና ያለ አዲስ መዋቅር ቢጀመር ይሻላል።

ከሚያመው ቦታ መጀመር

የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ችግር መምረጥ ነው። ችግሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁለት የሥራ ክፍሎች ለአንድ ስብሰባ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይዘው ይመጣሉ፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ከበላይ አካል «ይስተካከል» ተብሎ ይመለሳል፤ አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ኦዲተሮች ተመሳሳይ ግኝት በየዓመቱ ይጽፋሉ። ከእነዚህ መካከል የሚመረጠው ሠራተኛው ራሱ የሚማረርበት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍሎች በላይ የማይነካና በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጡ የሚታይ ቢሆን ይሻላል። ኃላፊዎች ብቻ የሚያዩት ችግር ከተመረጠ ሥራው የኃላፊዎች ሆኖ ይቀራል።

ጊዜውም ይታሰብበታል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 በሚዘጋበት ድርጅት፣ በሰኔና በሐምሌ ውስጥ አዲስ አሠራር ማስገባት ሠራተኛውን ማስጨነቅ ነው። የሒሳብ መዝጊያና የቆጠራ ሥራ አልፎ፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ከተላከ በኋላ ያሉት የጥቅምት አጋማሽና ኅዳር ለመጀመር ምቹ ናቸው።

ሥራውን ማን ይምራ የሚለው ጥያቄ በብዙ ቦታ በተሳሳተ መንገድ ይመለሳል፤ ነገሩ ወደ አይቲ ክፍል ይላካል። የአይቲ ክፍል ሥርዓቱን ይጠብቃል፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፣ የመግቢያ ፈቃድ ይከፍታል። የመረጃው ትርጉም ግን የሥራ ክፍሉ ነው። «የተበላሸ ብድር» መቼ ተበላሸ እንደሚባል የሚያውቀው የብድር ክፍል እንጂ የመረጃ ቋት ባለሙያው አይደለም። ስለዚህ ከማኔጅመንቱ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ኃላፊነቱን ይወስዳል፤ አንድ አስተባባሪ ደግሞ ማነጋገሩን፣ መጻፉንና መከታተሉን ይይዛል። ጽሑፉ በሙሉ በአስተባባሪው ትከሻ ላይ መውደቁ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሠራተኛው የሚጠየቀው የሚያውቀውን እንዲናገርና የተጻፈውን እንዲያርም ብቻ ነው።

የሚሠሩትን ሰዎች ማወቅ

ቀጥሎ አስተባባሪው አንድን መረጃ ከተወለደበት እስከ ሪፖርቱ ድረስ ይከተላል። የብድር ማመልከቻ ከሆነ መስኮቱ ላይ ከሚሞላበት ጊዜ ጀምሮ፣ የታካሚ መረጃ ከሆነ ከካርድ ክፍል ጀምሮ በየደረጃው ካለው ሠራተኛ አጠገብ ይቀመጣል። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ መረጃው ከየት ይመጣል? ሳይሟላ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ጥርጣሬ ሲኖር ለማን ይደወላል? ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ይህ ውይይት በሥራ ሰዓት፣ ደንበኛ በማይበዛበት ጊዜ፣ በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ይካሄዳል፤ የአዳራሽ ስብሰባ ተክቶት አያውቅም።

በዚህ ጊዜ በየኮምፒውተሩ የተቀመጡ የግል የኤክሴል ፋይሎችና በየመሳቢያው ያሉ የማስታወሻ ደብተሮች ይገኛሉ። እንደ ጥፋት መቆጠር የለባቸውም። አንድ ሠራተኛ የራሱን ዝርዝር ለዓመታት ሲይዝ ከኖረ ዋናው ሥርዓት የሚያስፈልገውን ነገር አልሰጠውም ማለት ነው። ፋይሉ ወዲያው ይሰረዝ ከተባለ ከነእውቀቱ ይደበቃል። በፋይሉ ውስጥ ያለውና በሥርዓቱ ውስጥ የሌለው ዓምድ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ግን በቀጥታ ወደ ክፍተቱ ይመራል።

ከእነዚህ ውይይቶች በኋላ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ ዋና መረጃ ፊት ሦስት ዓይነት ሰዎች ይሰፍራሉ፦ ትርጉሙን የሚወስን፣ የሚመዘግብና የሚጠቀም። አንድ ሰው በሁለት ወይም በሦስቱም ቦታ ሊገኝ ይችላል። ሠንጠረዡ አሁን ያለውን እውነት ማሳየት አለበት፤ በመዋቅሩ መሠረት መሆን የነበረበትን መጻፍ ጥቅም የለውም። በወረቀት ላይ ኃላፊው የቡድን መሪው ሆኖ፣ ሁሉም ሰው የሚደውለው ግን ከመግቢያው አጠገብ ወዳለችው ሠራተኛ ከሆነ፣ ስሟ ይጻፋል። ከዚያም የቅርብ አለቃዋ ባለበት ይህ ሥራዋ እንደሆነ ይነገራታል፤ በዚህም የሚጠፋው ጊዜ በሥራ ድርሻዋ ይታሰብላታል። ለብዙ ሠራተኞች ከመጀመሪያው ቀን የሚሰማቸው ለውጥ ይህ ብቻ ነው፤ ሲሠሩት የነበረው ነገር መታወቁ።

ክርክር ሲነሳ የሚሄድበት መንገድም በዚሁ ገጽ ላይ ይቀመጣል። አብዛኛው ጥያቄ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ያልቃል። ሁለት ክፍሎችን የሚያነካካው በሁለቱ ኃላፊዎች ይወሰናል፤ ያልተስማሙበት ብቻ ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ ይሄዳል። ለዚህ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ በወርኃዊው የማኔጅመንት ስብሰባ አንድ አጭር አጀንዳ ይበቃል።

በትርጉም መስማማት

በድርጅቶች ውስጥ የሚታየው አብዛኛው የቁጥር ጠብ ከትርጉም የሚነሳ ነው። የድርጅቱ ሠራተኛ ስንት ነው ሲባል የሰው ሀብት አስተዳደር በቋሚነት የተቀጠሩትን ይቆጥራል፤ ሒሳብ ክፍል በወሩ ደመወዝ የተከፈላቸውን ከኮንትራት ሠራተኞች ጋር ይቆጥራል፤ አስተዳደሩ ደግሞ ሰርቪስ የሚጠቀሙትን። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱ ክፍል የዋሸ ይመስላል። በቁጠባና ብድር ማኅበር «አባል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። የመመዝገቢያ ከፍሎ አንድም ዕጣ ያልገዛ፣ ቁጠባውን ለአንድ ዓመት ያቋረጠ፣ የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገብቶ ገንዘቡን ገና ያልወሰደ አባል ነው ወይስ አይደለም?

መፍትሔው ትልቅ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት አይደለም። ከተመረጠው ችግር ጋር የተያያዙ ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ ቃላት ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ፣ የሚካተተውና የማይካተተው፣ የሚወስነው ክፍልና የጸደቀበት ቀን ይጻፋል። ሁለት ክፍሎች በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚያስፈልጓቸው ከሆነ ወደ አንድ ማስገደድ ስህተት ነው። «ቋሚ ሠራተኛ» እና «ተከፋይ ሠራተኛ» የሚሉ ሁለት ስሞች ይወጣሉ፤ ሪፖርቱም የትኛውን እንደያዘ ይናገራል።

የስም፣ የቀንና የመለያ ቁጥር ጉዳይ በአማርኛ ለሚመዘግብ ድርጅት የራሱ ጣጣ ስላለው ቀድሞ ቢፈታ ጥሩ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይለ» ብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይለ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ችግሩ ይብሳል። ሠራተኛውን ሁልጊዜ በአንድ ፊደል ጻፍ ብሎ ማስገደድ ሁለት ጉዳት አለው፦ ያዘገየዋል፣ የሰውንም ስም መታወቂያው ላይ ካለው ያራርቃል። የተሻለው መንገድ ስሙ በመታወቂያው እንዳለ እንዲመዘገብ አድርጎ፣ ሥርዓቱ ሲፈልግ ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ እንዲያይ ማዘዝ ነው። ሥራው የአይቲ ክፍል ይሆናል፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ምንም አይጨመርበትም። የስም ቦታውም ለራስ፣ ለአባትና ለአያት ስም ለየብቻ መከፈል አለበት፤ ከውጭ የተገዙ ሥርዓቶች «የቤተሰብ ስም» ብለው የሚጠይቁት ቦታ አንዱ ሠራተኛ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም የሚያስገባበት ይሆናል።

ቀን ላይ የሚደርሰው ስህተት ከዚህ ይበልጣል። 01/02/2016 ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ወይም መስከረም 2፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ወይም ጃንዋሪ 2 ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 1 ቀን 2016 በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 12 ቀን 2023 ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ሁለት ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት ዓመት በላይ ነው ማለት ነው። ለብድር ዕዳ መክፈያ ወይም ለሕፃን ክትባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅጹ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ መታተም፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስም መጻፍ ይኖርበታል። 13ኛ ወር የማይቀበል ሥርዓት በጳጉሜን የተወለደን ሰው የውሸት ቀን እንዲይዝ ያስገድዳል። ይህ ሊፈታ እንደሚችል ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ምሳሌ ነው፤ ሥርዓቱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ መምጣት አንድን ሰው ከሌላው ለመለየት ከስም የተሻለ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ባለ 12 አኃዙ መለያ ቁጥርና በምትኩ የሚሰጠው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር የተለያዩ ናቸው። ቅጹ «የፋይዳ ቁጥር» ብቻ ካለ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገባሉ፤ የትኛው እንደሚፈለግ ከነአኃዙ ብዛት መጻፍ ነገሩን ይፈታዋል።

ደንቡን ቅጹ ውስጥ ማስገባት

የተስማሙበት ነገር በወፍራም መመሪያ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማንም አያነበውም። ደንብ ሠራተኛው በየቀኑ በሚነካው ነገር ውስጥ፣ ማለትም በቅጹ፣ በስክሪኑ፣ በማጽደቂያ ደረጃው ላይ ሲገባ ሥልጠና ሳይጠይቅ ይሠራል። ወረዳ በእጅ ከሚጻፍ ከዝርዝር ይመረጥ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከ10 አኃዝ ሲያንስ ሥርዓቱ አይቀበል፤ አዲስ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ተመሳሳይ ስሞች በስክሪኑ ላይ ይቅረቡ።

እዚህ ላይ በጥብቅ ሊያዝ የሚገባው መርሕ አንድ ነገር ሲጨመር ሌላ ነገር መነሳት እንዳለበት ነው። በየቅጹ ላይ ማንም የማይጠቀምባቸው ጥያቄዎች ሞልተዋል። የእያንዳንዱ ጥያቄ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ከሠንጠረዡ ይታያል፤ ተጠቃሚ ያልተገኘለት ይሰረዛል። አዲሱ አሠራር ለመዝጋቢው የሚመጣው ጊዜ ቆጣቢ ሆኖ ከሆነ የቀረውን ማሳመን አይከብድም።

ሁሉን ነገር ግዴታ ማድረግም ጎጂ ነው። የስልክ ቁጥር ሳይሞላ ወደ ቀጣዩ ገጽ አላሳልፍም የሚል ሥርዓት፣ ስልክ የሌላቸው እናት መስኮቱ ላይ ሲቆሙ ሠራተኛውን ዜሮዎች እንዲደረድር ያደርገዋል። ባዶ ቦታ እውነቱን ይናገራል፤ የተሞላው ውሸት ግን ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። «አልታወቀም» ወይም «የለም» የሚል ምርጫ መስጠት የመረጃውን ጥራት ያሻሽላል።

የቆየውን መረጃ በዘመቻ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ሠራተኛን የሚያደክመውና ሳያልቅ የሚቆመው ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባው በአዲሱ አሠራር ይገባል፤ የቀድሞው ደግሞ ባለጉዳዩ ለአገልግሎት ሲመጣ ይስተካከላል። ያልተከፈለ ብድር ያለባቸውን ደንበኞች ወይም ክትትል ላይ ያሉ ታካሚዎችን የመሰለ ፋታ የማይሰጥ ቡድን ብቻ ቀድሞ ይጣራል።

ማን ምን ያያል

መረጃን በሦስት ደረጃ መክፈል ለአብዛኛው ድርጅት በቂ ነው፦ ለማንም የሚገለጽ፣ በድርጅቱ ውስጥ የሚቆይ፣ ለተፈቀደለት ብቻ የሚታይ። የደመወዝ፣ የጤና፣ የጣት አሻራና የብድር መረጃ በመጨረሻው ውስጥ ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ትክክለኛ እንዲሆንና ባለቤቱ ማየትም ማሳረምም እንዲችል ሕጉ ይጠይቃል፤ ቁጥጥሩም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ረብሻን መቀነስ የማያዋጣበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው። በአንድ የይለፍ ቃል አምስት ሰው የሚገባበት ሥርዓት፣ በቴሌግራም ቡድን የሚላክ የታካሚዎች ዝርዝር፣ በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር የደመወዝ ፋይል ቀስ በቀስ የሚታረሙ አይደሉም፤ ወዲያው መቆም አለባቸው። ነገር ግን ሠራተኛው ቴሌግራምን የመረጠው ፈጣን ስለሆነና ሌላ መንገድ ስላልተሰጠው ነው። ስለዚህ ክልከላውና ምትኩ በአንድ ቀን መምጣት አለባቸው፦ የጋራ ማኅደር ይከፈታል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይሰጣል፣ ከዚያ አሮጌው ይዘጋል። ምትክ ሳይኖር የሚከለከል ነገር ወደማይታይበት ቦታ ይሄዳል።

በጥቂቱ መፈተሽ

የመረጃ ጥራት ፍተሻ ትልቅ ጥናት መሆን የለበትም። የጤና ተቋማት የሚጠቀሙበት ዘዴ ለሌሎችም ይሆናል። በየወሩ የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮችን በዕጣ ያወጣል፤ እያንዳንዱን ከመነሻው መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ስንቱ እንደተገጣጠመ ቆጥሮ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጋር በማነጻጸር ሪፖርቱ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ይወስናል። ብዙ ሰው አያስፈልገውም፤ በሌላ ምክንያት ከሚካሄድ ስብሰባ ጋርም ይገጥማል። የብድር ማኅበር 12 የብድር ማኅደሮችን፣ ትምህርት ቤት 12 የተማሪ መዝገቦችን በዚሁ መንገድ ሊያይ ይችላል።

ስህተት ሲገኝ መጠየቅ ያለበት የት ደረጃ ላይ እንደገባ ነው፤ ማን እንዳጠፋ መጠየቅ ቀጣዩን ስህተት ያስደብቃል። ለዚህም ሲባል የፍተሻው ውጤት ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ከሠራተኛ የአፈጻጸም ምዘና ጋር መያያዝ የለበትም። ውጤቱ ከደረጃ ዕድገት ጋር በተያያዘ ማግስት ቁጥሮቹ ይገጣጠማሉ፤ እውነተኛ መሆናቸው ግን ማረጋገጫ ያጣል። የታረመው ነገር ለመዝጋቢው ተመልሶ መነገሩም አይዘነጋም፤ በብዙ መሥሪያ ቤት መረጃ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ታች ምላሽ አይመጣም።

ማስፋትና ማቆየት

የመጀመሪያው ችግር ሲቃለል ቀጣዩን የሚመርጡት የሥራ ክፍሎቹ ቢሆኑ ይሻላል። ለመስፋፋት መለኪያው የተጻፈው መመሪያ ብዛት አይደለም። ሪፖርቱ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ጊዜ ታርሞ ተመለሰ፣ ስንት ድርብ ምዝገባ ተገኘ የሚሉት ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ ይያዛሉ፤ የመዝጋቢው ጊዜም አብሮ ይለካል። የመዝጋቢው ጊዜ ጨምሮ ከተገኘ ማስፋፋቱ ቆሞ ቅጹ እንደገና ይታያል።

ኃላፊ ሲቀየር ወይም አስተባባሪው ሲለቅ አሠራሩ አብሮ እንዳይሄድ፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ኃላፊነት በሥራ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ ይገባል፤ የአዲስ ተቀጣሪ ትውውቅም የሥራ ክፍሉን ቃላትና የሚደወልለትን ሰው ያካትታል። ሠራተኛ ሲዛወር ከሚያስረክበው ንብረት ጋር ፋይሎቹና የመግቢያ ፈቃዶቹ በርክክብ ቅጹ ላይ ይሰፍራሉ። ሠንጠረዡ፣ የቃላቱ ትርጉምና ደንቦቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ዝግጅት በፊት ይከለሳሉ፤ ዓላማውን ማንም ሊያስረዳው ያልቻለ ደንብ ካለ ያወጣው ክፍል ቀኑን መዝግቦ ይሽረዋል፤ መዝጋቢዎቹም በዚያው ሳምንት እንዲያውቁት ይደረጋል።